የአነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ሌላው ሥራ፤ የአካባቢን ታሪክ መሰብሰብና ማቆየት

በየወረዳው፣ በየወጣት ማዕከሉና በየትምህርት ቤቱ የሚገኙ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚታወቁት መጻሕፍት በማዋስና ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን በማስተናገድ ነው። በመደርደሪያዎቻቸው ላይ ስለ ፈረንሳይ አብዮትና ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚያወሱ መጻሕፍት ይገኛሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ስለቆመበት ሰፈር ግን አንድ ገጽ ጽሑፍ ወይም አንድ ፎቶግራፍ ፈልጎ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ይህ ክፍተት በአዲስ አበባ ጎልቶ የወጣው በቅርብ ዓመታት ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ነዋሪዎቹ ወደ ተለያዩ የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። የልማቱ ጥቅምና ጉዳት ራሱን የቻለ ክርክር ነው። አከራካሪ ያልሆነው ግን ጎረቤት ሲበታተን አብሮት የሚበታተን ነገር መኖሩ ነው። ሰፈሩ ስሙን ከየት እንዳገኘ፣ እድሩ መቼና በእነማን እንደተመሠረተ፣ በክፉ ቀን ማን ማንን እንደደበቀ የሚያውቁት ሰዎች ከአሁን በኋላ በአንድ በር ላይ ተቀምጠው አያወጉም።

ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ትልቅ በጀትም ሆነ ትልቅ ሕንፃ የማይጠይቅ መፍትሔ አለ። ይህ ጽሑፍ አንድ ክፍልና አንድ ሠራተኛ ያለው ቤተ መጻሕፍት የአካባቢውን ታሪክ እንዴት ሊሰበስብና ሊያቆይ እንደሚችል ይዳስሳል።

ለምን አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት?

አገሪቱ የመዛግብት ተቋማት አጥታ አታውቅም። ወመዘክር በሚል አህጽሮት የሚታወቀው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የተመሠረተው በ1936 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በ1966 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮ ፊልም ፕሮጀክት ወደ 9 ሺሕ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍትን ቀርጿል።

እነዚህ ተቋማት ባላቸው አቅም ቅድሚያ የሚሰጡት ለመንግሥት መዛግብት፣ ለታተሙ ሥራዎችና ለብራና ነው። የአንድ ሰፈር የእግር ኳስ ቡድን ፎቶግራፍ ወይም በሽሮ ሜዳ የአንድ ሸማኔ የሕይወት ታሪክ ከእነርሱ ዘንድ የመድረስ ዕድሉ ጠባብ ነው። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ግን ባለታሪኮቹን በስም ያውቃቸዋል፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ደንበኞቹ ናቸው። የሚታመነውም ስለሚታወቅ ነው።

ታዋቂው የማሊ ጸሐፊ አማዱ ሐምፓቴ ባ እ.ኤ.አ. በ1960 በዩኔስኮ መድረክ የአንድ አፍሪካዊ ሽማግሌን ሞት ከቤተ መጻሕፍት ቃጠሎ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ንጽጽሩ ተደጋግሞ ይነገራል፤ ከቃጠሎው በፊት ምን መደረግ እንዳለበት ግን እምብዛም አይነገርም።

ምን ይሰበሰባል?

የአካባቢ ታሪክ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት የሽማግሌዎችን ቃል ብቻ ነው። ቃል ዋናው ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። የሚከተሉትም እኩል ዋጋ አላቸው።

የእድር መዝገብ፦ የአባላትን ስም፣ የመዋጮን መጠን፣ የሞት ቀንንና የቤተሰብ ሁኔታን በተከታታይ ዓመታት ይዞ የሚገኝ ከእድር መዝገብ የተሻለ የሰፈር ሰነድ ማግኘት ያስቸግራል። ዋናው መዝገብ ከእድሩ መውጣት የለበትም፤ ቅጂው ይበቃል።

የቤተሰብ ፎቶግራፎች፦ የሠርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ፎቶግራፎች ከሰዎቹ ጀርባ የጠፉ ቤቶችን፣ መንገዶችንና የሱቅ ማስታወቂያዎችን ይዘው ይገኛሉ።

ካሴቶች፦ በሠርግና በለቅሶ ላይ የተቀረጹ ድምፆች፣ እንዲሁም ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ከደብዳቤ ይልቅ ድምፃቸውን ቀርጸው የላኳቸው ካሴቶች በየቤቱ አሉ። የካሴት ክር በጊዜ ብዛት ይበላሻል፤ ማጫወቻው ደግሞ ከገበያ እየጠፋ ነው። ስለዚህ ወደ ዲጂታል መለወጥ ካለባቸው ነገሮች ግንባር ቀደሙ ካሴት ነው።

የቦታ ስሞች፦ ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ካስመጣው፣ ተበላሽቶ እዚያው ከቀረ የመንገድ መዳመጫ ነው። እንዲህ ያለው ስም በአዲስ ቁጥርና በአዲስ የመንገድ ስያሜ ሲተካ ታሪኩም አብሮ ይረሳል።

ቃለ መጠይቁ እንዴት ይካሄድ?

ለመጀመር አንድ ደህና ስማርት ስልክ ይበቃል። ስልኩ ጥሪ እንዳያቋርጠው በበረራ ሁኔታ ላይ ይደረጋል፤ ጠረጴዛው እንዳያስተጋባ ከሥሩ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ከተናጋሪው ከአንድ ክንድ ርቀት በላይ ባይርቅ ይመረጣል። ቴሌቪዥን ይጠፋል። ቡና እየተቆላና እየተወቀጠ የሚቀረጽ ድምፅ በኋላ ለማድመጥ ስለሚያስቸግር፣ ቡናው ከቀረጻው በፊት ወይም በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ቀራጩ ከሁሉም በፊት ቀኑን፣ ቦታውን፣ የራሱንና የባለታሪኩን ሙሉ ስም በድምፅ ይናገራል። ፋይሉ አንድ ቀን ከስሙ ቢለያይ እንኳ ድምፁ ራሱን ያስተዋውቃል።

ጥያቄዎች አዎ ወይም አይደለም የሚያሰኙ መሆን የለባቸውም። “ያን ጊዜ ኑሮ ከባድ ነበር?” ከማለት “እማማ፣ በዚያን ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይሠሩ ነበር?” ብሎ መጠየቅ ብዙ ያስገኛል። ባለታሪኩ በለመደው ቋንቋ ይናገር። ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ጋሞኛ የሚቀናውን ሰው በአማርኛ እንዲናገር ማስገደድ ከታሪኩ ግማሹን መተው ነው፤ ትርጉም ከኋላ ሊደርስ ይችላል።

በዚህ ረገድ ስቶሪኮር የተሰኘው ድርጅት አሠራር ለአነስተኛ ቤተ መጻሕፍት የሚመች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኒውዮርክ ሲጀመር ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር። የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ ለምሳሌ እናትና ልጅ፣ ለ40 ደቂቃ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ባለሙያው ቀረጻውን ብቻ ይከታተላል። ፈቃድ ከተገኘ ቅጂው በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። የልጅ ልጅ አያቱን ሲጠይቅ የሚገኘው መልስ እንግዳ ጠያቂ ከሚያገኘው የተለየ ነው።

ስም የሌለው ፋይል

ብዙ የስብስብ ሥራዎች የሚከሽፉት በቀረጻ ሳይሆን በምዝገባ ጉድለት ነው። “አዲስ ፋይል 14” የሚል ስም ያለው ድምፅ ቀራጩ ሥራ በለቀቀ ማግስት ዋጋውን ያጣል። ለእያንዳንዱ ቅጂ ተከታታይ ቁጥር ሰጥቶ በመዝገብና በኮምፒውተር ላይ የባለታሪኩን ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የቀረጻ ቀን፣ ቋንቋውን፣ የቀራጩን ስምና ዋና ዋና ጉዳዮችን ማስፈር ያስፈልጋል። በእኛ አገር በተለይ አራት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። “1983” ተብሎ ብቻ የተጻፈ ዓመት በኢትዮጵያም ሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊነበብ ስለሚችል የትኛው እንደሆነ መገለጽ አለበት። 

ሁለተኛው ሽማግሌዎች ዘመንን በክስተት መቁጠራቸው ነው። የኅዳር በሽታ ሲባል 1911፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ሲባል 1928፣ የታኅሣሡ ግርግር ሲባል 1953፣ ዕድገት በኅብረት ሲባል 1967 ዓ.ም. ማለት ነው። መዝጋቢው የባለታሪኩን አነጋገር እንዳለ ይይዝና ዓመቱን ከጎኑ ይጨምራል፤ አነጋገሩን አይተካም። 

ሦስተኛው የሆሄያት ጉዳይ ነው። ኀይሉ፣ ሃይሉና ኃይሉ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። አንድ ወጥ አጻጻፍ ተመርጦ ለፍለጋ ማውጫው ካልዋለ የተመዘገበው አይገኝም። ስም የሚደረደረውም እንደ ፈረንጆቹ በአባት ስም ሳይሆን በራሱ በባለቤቱ ስም ነው። 

አራተኛው ቀድሞ በኮምፒውተር የተጻፉ ሰነዶች ናቸው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ። ፎንቱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም ቢያንስ አትሞ ማስቀመጥ ይገባል።

የአንድ ሰዓት ድምፅ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ የሙሉ ቀን ሥራ ሊጠይቅ ይችላል። አቅም የሌለው ቤተ መጻሕፍት በዚህ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። በየአምስት ደቂቃው ስለምን እንደተወራ የሚጠቁም የአንድ ገጽ ማውጫ አብዛኛውን ፍላጎት ያሟላል።

ፈቃድና ሕግ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ንግግርንና ሌሎች የቃል ሥራዎችን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ቆጥሯቸዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ መሰብሰብና መያዝን የሚመለከት ነው። ከሁለቱም አኳያ መነሻው የባለታሪኩ ግልጽ ፈቃድ ነው።

የፈቃድ ቅጹ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል። ቅጂው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያዳምጠው፣ በኢንተርኔት ይለቀቅ እንደሆነ፣ ስም ይጠቀስ ወይም ይደበቅ እንደሆነ ለየብቻ ይጠይቃል። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ ይነበብለታል፤ መስማማቱም በድምፅ ይቀረጻል። ሐሳቡን ሲለውጥ ቅጂው እንዲዘጋለት ወይም እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንዳለውም ይነገረዋል።

ይህ የወረቀት ሥርዓት ብቻ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ስለነበረው ቀይ ሽብር ወይም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ስለተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት የሚናገር ሰው የገዳይንም የጠቋሚንም ስም ሊጠራ ይችላል። የተጠራው ሰው ወይም ልጆቹ በዚያው ሰፈር ይኖሩ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቅጂ ሊሰበሰብ ይገባል፤ ነገር ግን ለተወሰኑ ዓመታት ዝግ ሆኖ መቀመጥ አለበት። በቴሌግራም አንድ ጊዜ ከተለቀቀ መመለሻ የለውም። ጥቂት ብር ወይም ብዙ ተመልካች ፍለጋ የሰፈሩን ሰላም የሚያናጋ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ባለታሪክ አያገኝም።

አቀማመጥ

ድምፅ በተቻለ መጠን በዌቭ ፋይል መቀረጽ ይኖርበታል። ጥራት ባለው ደረጃ በሁለት ቻናል የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ድምፅ 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። በመሆኑም 1 ቴራባይት የሚይዝ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከ900 ሰዓት በላይ ያስቀምጣል። ለማድመጥና ለመላክ የሚሆን አነስተኛ የኤምፒስሪ ቅጂ ከጎኑ ይዘጋጃል። ፎቶግራፎች በ600 ዲ.ፒ.አይ. ስካን ቢደረጉ ተመራጭ ነው። ፎቶግራፍ በቴሌግራም ሲላክም በፋይል መልክ ካልሆነ ጥራቱ ይቀንሳል።

በዘርፉ የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ የሚል ነው። አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በአቅራቢያ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ወይም አስተማማኝ በሆነ የኢንተርኔት ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል። ፍላሽ ለማጓጓዣ እንጂ ለማከማቻ አይሆንም። ሃርድ ዲስክም ቢሆን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መከፈትና መፈተሽ፣ በአምስት ዓመት ግድም ደግሞ በአዲስ መተካት አለበት።

የሁለተኛ ቦታን ጥቅም ከላይ የተጠቀሰው የማይክሮ ፊልም ፕሮጀክት አሳይቷል። ፊልሞቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ በመቀመጣቸው፣ ዋናው ብራና በጦርነት ወይም በስርቆት ቢጠፋ እንኳ ተመራማሪዎች ይዘቱን ማንበብ ይችላሉ።

ከየት ይጀመር?

ሰፊ ዕቅድ ማውጣት ብዙ ጊዜ ሥራውን ያዘገየዋል። አንድ ቤተ መጻሕፍት በመጀመሪያው ዓመት አሥር ሰዎችን መርጦ ቢቀርጽ፣ አንድ የእድር መዝገብና ሃምሳ ፎቶግራፍ ቅጂ ቢያዘጋጅ ትልቅ ውጤት ነው። ምርጫው ላይ ግን የሰፈሩ ታዋቂ ሰዎች ብቻ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ ይገባል። ጠጅ ቤት የነበራት፣ ውኃ ያመላለሰው፣ ልብስ ሰፊው፣ አዋላጇ ሁሉም የሚያውቁት ነገር ሌላው የማያውቀው ነው። በዕድሜ የገፉና የሚዛወሩ ሰዎች ቅድሚያ ያገኛሉ።

ባለሙያዎች ከገንዘብ ሌላ የሚያበረክቱት አለ። የሕግ ባለሙያ የፈቃድ ቅጹን መመልከት፣ የኮምፒውተር ባለሙያ በዓመት አንድ ቀን ሰጥቶ ዲስኮቹን መፈተሽ፣ ቤቱ ጥሩ ስካነር ያለው ሰው ለሳምንት ማዋስ ይችላል። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ በፎቶግራፎቹ ላይ የሚታዩትን ሰዎች ስም በመለየት ማንም ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ይሠራሉ።

የተሰበሰበውም መልሶ ለሰፈሩ መድረስ አለበት። ቅጂው በባለታሪኩ ቤተሰብ እጅ ይግባ፤ ፎቶግራፎቹ በዓመት አንድ ጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ይታዩ፤ የሰፈሩ ተማሪዎች ለጽሑፍ ሥራቸው ይጠቀሙበት። የሰጠውን መልሶ ያየ ነዋሪ በሣጥን የቆለፈውን ሌላ ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣል።