ከእምኩሉ ማንበቢያ እስከ ዲግሪ፦ መምህራን በወለጋ

ወለጋ ውስጥ መምህሩ ከማሠልጠኛው ቀድሟል። በ1904 (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ወለጋ ሲገቡ፣ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በደስታ ተቀበሏቸው። ሁለቱም ከባርነት ነፃ የወጡ ናቸው። ኦኔሲሞስ ስዊድን ድረስ ሄደው ሲማሩ፣ አስቴር ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደጉ። በ1894 እዚያው ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ አስቴር በቃል የያዟቸውን ተረቶች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ይዟል። ልጁ ፊደል የሚለየው ጆሮው በለመደው ተረት ነው። ዛሬ የሥነ ትምህርት ተማሪ «ከሚታወቀው ወደማይታወቀው» እያለ የሚያጠናውን መርሕ፣ አስቴር ያለ ዲፕሎማ ሠርተውበታል።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የቋንቋ ነው። በ1944 ስለ ሚሲዮኖች የወጣው የመንግሥት ድንጋጌ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል መለሰው፤ ከ1991 በኋላ ደግሞ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ቁቤ መጣ። በአማርኛ የሠለጠነ የአንደኛ ደረጃ መምህር ፊደሉን ራሱ እንደገና መማር ነበረበት።

ሥልጠናውም አንድ ቦታ አልረጋም። በነቀምቴ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ኮሌጆች ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ያወጣሉ፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲም በ2007 ነቀምቴ ላይ ተከፈተ። ለሁለተኛ ደረጃ በ2003 የተጀመረው ለውጥ የአራት ዓመቱን ዲግሪ ወደ ሦስት አወረደው። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ፊዚክስ ወይም ታሪክ በዲግሪ የጨረሰ ሰው አንድ ዓመት የማስተማር ሙያ ይጨምር ተባለ። ለብዙዎች ይህ ዓመት ሌላ ሥራ ሲጠፋ የሚገባበት ሆነ። በቅርቡ የትምህርቱን ዓይነትና የማስተማር ሙያውን አጣምሮ ወደሚሰጠው ዲግሪ መመለስ ተጀምሯል።

አንዱ ሥርዓት ለትምህርቱ ዓይነት፣ ሌላው ለማስተማር ዘዴው ሲያደላ ኖሯል። ሁለቱ የሚገናኙት በማስተማር ልምምድ ላይ ነው፦ ዕጩው የትምህርት ዕቅዱን ይዞ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ይቆማል፤ ተቆጣጣሪው ኋላ ወንበር ላይ ቅጽ ይሞላል። ተማሪው «አልገባኝም» ሲል ዕቅዱ አያድነውም፤ ትምህርቱን በሌላ መንገድ ደግሞ ማስረዳት አለበት። እንዲህ ያለው ልምምድ ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነ፣ ሦስትም ሆነ አራት ዓመት ቢማር ዕጩው መምህር ሆኖ የሚወጣው በሥራ ላይ በመጀመሪያ ተማሪዎቹ ኪሳራ ነው።