የወንዙ አፍና መረቡ

እኛ የደምበጫ ልጆች ክረምት ገብቶ ተምጫ ሲሞላ መሻገሪያውን እንጂ ዓሣውን አናስብም። በዚያው ክረምት ግን ከእኛ በስተሰሜን፣ ጣና ላይ፣ ትልቅ ጉዞ ይጀመራል። ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን እንቁላሉን ሊጥል ከሐይቁ ወጥቶ ጉማራንና ግልገል ዓባይን ሽቅብ ይጓዛል።

ድሮ የወይጦ ወገኖቻችን በደንገል ታንኳ ከዳር ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። የታንኳ አቅም ትንሽ ነው፤ ዓሣውም ይተርፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ መጣ። ለብዙው አጥማጅ እንጀራ ሆነ፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን መረቡ ወንዙ አፍ ላይ፣ እናቲቱ እንቁላሏን ይዛ በምትመጣበት መንገድ ተዘረጋ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የነጭ ዓሣ ምርት በሦስት አራተኛ ያህል ወደቀ።

በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ኮሆ የሚባለው ሳልሞን ሲመናመን የመንደር ሰው ተባብሮ እንቁላሉን በገንዳ እያስፈለፈለ ጫጩቱን ወንዝ ይለቃል። መልካም ነው። የእኛ መፈልፈያ ግን ወንዙ ራሱ ነው፤ ገንዳ አይጠይቅም፣ መንገዱ እንዳይዘጋበት ብቻ ነው። አዋጁም በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ታዲያ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መረቡን የሚሰበስበው አጥማጅ፣ ልጆቹ በነዚያ ወራት ምን ይብሉ? ይህን ሳንመልስ «ዓሣውን አትንካ» ማለት ለእኛ ለጠገብነው ቀላል ነው።