የብረት እጅና ባዶው ሰገባ

አማርኛችን ለእጅ ያደላል። የምንተማመንበትን ሰው «ቀኝ እጄ» እንለዋለን፤ ችግር የጠናበት «እጅ አጠረው» ይባላል፤ የተሸነፈ እጁን ይሰጣል፤ አክባሪም እጅ ይነሣል። የሰው ሠራሽ እጅ ታሪክም እንደ ቋንቋችን ነው። ስለ ጣቶቹ ብልሃት ብዙ ተጽፏል፤ ከሥጋ ጋር ተጣብቆ ስለሚውለው ክፍል ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ባለሙያዎች ሶኬት ይሉታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ሰገባ ልበለው፤ ጎራዴ በሰገባው እንደሚገባ፣ ከመቆረጥ የተረፈው ክንድም የሚገባው በእርሱ ውስጥ ነውና።

ጎትስ ፎን በርሊሺንገን ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እንግዳ አይደለም። ጎተ በ1773 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በስሙ ተውኔት ያሳተመለት ጀርመናዊ ፈረሰኛ ነው። በ1504 በላንድስሁት ውጊያ ላይ የመድፍ ጥይት ቀኝ እጁን አሳጣው። ያሠራው የብረት እጅ ጣቶች በግራ እጅ እየተገፉ ይታጠፋሉ፤ በውስጡ ያሉት ሞላዎችና ጥርሶች በታጠፉበት ያጸኗቸዋል፤ ቁልፍ ሲጫኑ ይለቀቃሉ። ጎትስ ከዚያ በኋላ ለዐሥርተ ዓመታት በጦር ሜዳ ዋለ፤ የሞተውም በ1562 ነው። እጁ ዛሬም በያክስትሃውዘን ግንብ ይታያል። ጎብኚ የሚያደንቀው ጣቶቹን ነው። ሥጋው ያረፈበትን ባዶ ጎድጓዳ አጎንብሶ የሚያይ ስንቱ ነው?

ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ1564 የሰው ሠራሽ እጅ ንድፍ በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ብልሃቱ የአንድ ፓሪሳዊ ቁልፍ ሠሪ ነበር። በ1818 የበርሊኑ የጥርስ ሐኪም ፔተር ባሊፍ ትልቁን እርምጃ ተራመደ፤ ጣቶቹን የሌላው እጅ ሳይሆን የባለቤቱ የራሱ ትከሻና ደረት በማሰሪያ አማካይነት እንዲያንቀሳቅሳቸው አደረገ። የፓሪሱ ኦፔራ ዝነኛ ድምፃዊ ጉስታቭ ሮዤም በ1859 በአደን ላይ በደረሰበት አደጋ ቀኝ ክንዱን ካጣ በኋላ በሰው ሠራሽ ክንድ ወደ መድረክ ተመልሷል።

ጎትስ ክርኑ ተርፎለት ነበር። ከክርን በላይ የተቆረጠ ሰው መከራ ግን ሌላ ነው። እጁ ብቻ ሳይሆን እጁን ወደ አፉ የሚያደርሰው መታጠፊያም ሄዷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ለዚህ መላ ያገኙት ከብስክሌት ፍሬን ከምናውቀው፣ በሽፋኑ ውስጥ ከሚንሸራተተው የሽቦ ገመድ ነው። ትከሻ ወደ ፊት ሲገፋ ገመዱ ተስቦ ክርኑን ያጥፋል፤ ክርኑ ሲቆለፍ ደግሞ ያው ገመድ ጫፍ ላይ ያለውን መንጠቆ ይከፍታል። ብልሃቱ ድንቅ ነው። ሰገባው ከላላ ግን የትከሻው ኃይል በመንገድ ይቀራል፤ ከጠበቀም ቆዳ ይልጣል።

ቀድሞ ሰገባ ከእንጨት ይፈለፈል፣ ከቆዳም ይሰፋ ነበር። በውስጡ የሚሆነውን ማየት አይቻልም፤ የሚያሳብቀው ቁስሉ ብቻ ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ጥርት ባለ ፕላስቲክ የሚሠራ የሙከራ ሰገባ እየተለመደ መጣ።

እስቲ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ሥራ ክፍሉ እንግባ። ባለሙያው የተረፈውን ክንድ በረጠበ የጀሶ ፋሻ ይጠቀልላል። ፋሻው ደርቆ ሲወልቅ በባዶው ውስጥ ጀሶ ይፈስስበታል፤ የክንዱም ምስል ይወጣል። ምስሉን ሥጋ ጫና በሚችልበት ይሞርደዋል፤ አጥንት በሚያይልበት ይደልበዋል። በሙቀት የለሰለሰውን ፕላስቲክ በላዩ ይለብጣል። በቀጠሮው ቀን ባለቤቱ ይመጣል። ክንዱ በስስ ጨርቅ ተስቦ ይገባል፤ ጨርቁም ከታች ባለው ቀዳዳ ይወጣል።

አሁን ግድግዳው ይናገራል። ከልክ በላይ የተጫነው ቆዳ ደም ይሸሸዋል፤ ይገረጣል። ባለሙያው ቦታውን በቀለም ያከብበዋል። «ወደ ፊት ያንሡት፤ ወደ ጎን ይዘርጉት» ይላል። ጠርዙ ብብትን ይወጋል፤ ይሞረዳል። የላይኛው ክንድ አንድ አጥንት ብቻ ያለው፣ ዙሪያውንም ክብ ስለሆነ ሰገባው በላዩ ሊሽከረከር ይወዳል። ዛሬ በጥቂቱ ቢዞር፣ ነገ ማንኪያው አፍን ስቶ ጉንጭ ላይ ያርፋል።

ይሁንና መስታወት የመሰለው ግድግዳ እንኳ የማያሳየው ነገር አለ። የተቆረጠ ነርቭ ጫፍ ሲነካ የሚያመው፣ የሌለው ጣት ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ «ትንሿን ጣቴን ነኩብኝ» ቢል፣ ጣቱ በቦታው የለምና ምስክሩ እርሱ ብቻ ነው። ባለሙያው ካላመነው፣ ሰገባው በሚያምር ልክ ተሠርቶ ያንን ነርቭ ዕድሜ ልክ ሲጫን ይኖራል። ወይም ክንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ የብዙዎች ክንድ ዕጣ ይኸው ነውና።

የሙከራ ሰገባ የሚሠራው ስሕተቱ ተገኝቶ እንዲታረም ነው። ከእርሱ ልክ የመጨረሻው ሲወጣ እርሱ ይጣላል፤ በግንብ ውስጥ አይታይም፤ ተውኔትም አይጻፍለትም። ነገር ግን ለዘመናት የተሠራለትን ሲቀበል የኖረው ሰው፣ በዚህች ሰዓት በሠሪው ሥራ ላይ ፈራጅ ሆኖ ይቀመጣል።

በያክስትሃውዘን የሚያልፍ ቢኖር፣ ጣቶቹን አይቶ ሲጨርስ ወደ ባዶው ጎድጓዳ ዝቅ ይበል። የአምስት መቶ ዓመት ብረት ነው፤ ለበሱት ሰው የሚቀርበው ጥያቄ ግን ያኔም ዛሬም አንድ ነው፦ የቱ ጋ ይቆጠቁጥዎታል?