ብይ አመላላሽ

ጠዋት ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሰበታ በዓለም ገና አድርጎ ወደ አየር ጤና የሚጓዝ ሰው «ተማሪ አመላላሽ» ወይም «ሠራተኛ አመላላሽ» የሚል የተለጠፈበት መኪና ሳያይ አይውልም። ይህን ቃል ለአንድ መጫወቻ ልዋሰው ነው።

መጫወቻው በእንግሊዝኛ «ማርብል ማሽን» ይባላል። ብይ ከላይ ትለቀቃለች፣ በአሸንዳና በጠመዝማዛ መንገድ እየተንከባለለች ትወርዳለች፤ ታች ስትደርስ በሞተር ወይም በእጅ የሚንቀሳቀስ ማንሻ ተቀብሎ ወደ ላይ ይመልሳታል። «የብይ ማሽን» ብንለው ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። «የብይ ሩጫ» ቁልቁለቱን ብቻ ይይዛል። «የኳስ ቅብብል» ደግሞ እግር ኳስ ሜዳ ይወስደናል። እኔ «ብይ አመላላሽ»ን እመርጣለሁ፤ መመለስ በቃሉ ውስጥ አለና። ሰበታ ባለው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ጠርሙስ የሚነዳው መስመር ማጓጓዣ ነው፤ ያለፈው ጠርሙስ በዚያው አይመለስም። የጠዋቱ ሰርቪስ ግን የወሰደውን ሰው ማታ ይመልሳል።

በዚህ ሚዛን የፈልሳፊው የአል ጀዘሪ የዝሆን ሰዓት አመላላሽ አይደለም። በ1206 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ እንደገለጸው አንድ ኳስ ከጭልፊት አፍ ወደ እባብ አፍ ትወድቃለች፤ ከላይ ያሉት ኳሶች ሲያልቁ ግን ሰው መልሶ ይሞላል። ስዊድናዊው ማርቲን ሞሊን በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳየው ባለ 2000 ብይ የሙዚቃ ማሽን ግን አመላላሽ ነው፤ የሚነዳውም ሞተር ሳይሆን በእጅ የሚዞር መዘውር ነው።

አመላላሽ ስንሠራ ጣጣው ያለው ማንሻው ላይ ነው። ከተበላሸ ቴፕ የሚወጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 2400 ዙር ይዞራል፤ በዚህ ፍጥነት ብይ ትወረወራለች እንጂ አትነሳም። ስለዚህ ሞተሩ ጫፍ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ፑሊ ይገጠማል፣ በላስቲክም ባለ 6 ሳንቲ ሜትር ክብ ታዞራለች። በዚያው ዘንግ ላይ ሌላ ባለ 1 ሳንቲ ሜትር ፑሊ ይታሰርና ባለ 8 ሳንቲ ሜትር ክብ ያዞራል። 6 ጊዜ 8 አርባ ስምንት፤ 2400 ለ48 ሲካፈል 50። ፍጥነቱ ሲቀንስ ጉልበቱ ይጨምራል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ብይ ስለምትወጣ በደቂቃ 50 ብይ ይሆናል፤ ይህም በሌጎ መገጣጠሚያ መጫወቻ የሚሠሩ ሰዎች ማሽኖቻቸውን ኳስ ለማቀባበል ከተስማሙበት በሰከንድ አንድ ኳስ ብዙም አይርቅም። ከማርሽ ይልቅ ላስቲክን የመረጥኩት ብይ ስትቀረቀር ስለሚንሸራተት ነው፤ ማርሽ ቢሆን ወይ ጥርሱ ይሰበራል ወይ ሞተሩ ይቃጠላል።

አሁን ዙሩን ወደ መውጣትና መውረድ መለወጥ ነው፤ ይህን የሚሠራው መዘውር ነው። በመጨረሻው ክብ ላይ ከመሃሉ 2.2 ሳንቲ ሜትር ርቆ ብሎን ይታሰራል፤ ብሎኑ ዘንግ ይይዛል፣ ዘንጉ ደግሞ ተንቀሳቃሹን ደረጃ። ደረጃው በእያንዳንዱ ዙር 4.4 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ይወርዳል። አጠገቡ በ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቋሚ እርከኖች እየተፈራረቁ ይቆማሉ፤ የእርከኖቹ ሁሉ ገጽ ወደ ፊት በትንሹ ያዘነበለ ነው። ትርፏ 4 ሚሊ ሜትር ትንሽ ብትመስልም ወሳኝ ናት፤ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ከታችኛው እርከን ትንሽ ዝቅ ካላለ ብይዋን አይቀበልም፣ ከላይኛው ትንሽ ከፍ ካላለ አያሻግራትም።

በጣም የምወደው ነገር የመዘውሩ ጠባይ ነው። ደረጃውን መሃል ላይ ያፈጥነዋል፣ ላይና ታች ጫፍ ሲደርስ ግን «ወራጅ አለ» እንደተባለ ታክሲ ያዘገየዋል። ብይዋ የምትሻገረው ደግሞ ጫፉ ላይ ነው። ምንም ተጨማሪ መሣሪያ ሳያስፈልግ ክቡ ራሱ የመሻገሪያ ጊዜ ይሰጣታል።

የመስታወት ብይ ስፋቷ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ማንሻው የሚያደርሰው አሸንዳ ከ18 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከሰፋ ሁለት ብይ ጎን ለጎን ይገጥሙና አፉን ይዘጉታል።