አይሶኦክቴን

ማደያ ላይ የቤንዚኑን ኦክቴን የሚጠይቅ ሾፌር ብዙ ጊዜ ስለ ጉልበት የጠየቀ ይመስለዋል። ቁጥሩ የሚነግረው ግን ትዕግሥትን ነው፤ ነዳጁ ሞተር ውስጥ ሲታመቅ ያለ ጊዜው በራሱ ሳይቀጣጠል መቆየቱን። አሜሪካዊው ኬሚስት ግራሃም ኤድጋር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለአይሶኦክቴን 100፣ ለኖርማል ሄፕቴን 0 ሰጥቶ መለኪያውን አበጀ። ሄፕቴኑ ቀጥ ያለ የካርቦን ሰንሰለት ስለሆነ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ቅርንጫፋሙ አይሶኦክቴን ግን ይታገሣል። «95» ማለትም ነዳጁ የሁለቱን 95 ለ5 ድብልቅ ያህል ይታገሣል ማለት እንጂ 95 እጁ አይሶኦክቴን ነው ማለት አይደለም።

«ኦክቶ» በግሪክኛ ስምንት ነው፤ አይሶኦክቴን ስምንት ካርቦን አለውና። «አይሶ» ግን፣ በኬሚስቶች ጥብቅ ደንብ፣ የሚገባው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ላለው ወንድሙ ነበር። የእኛው ሦስት አለው።