ዜና መዋዕል ዘዕፀ ኅብስት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ለፍጥረቱ ሁሉ ምግቡን በየጊዜው በሚሰጥ በእግዚአብሔር ስም፣ የዳቦ ዛፍን ዜና ከጥንቱ ጀምረን እንጽፋለን። ይህ መጽሐፍ ለዛፉ ክብር የተጻፈ ነው። ዛፉን የተከለ፣ የተሸከመና የጠበቀ ሁሉ በዚህ ምስጋናውን ያገኛል። ዘመናቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል፤ በእኛ የቆጠርነውን ግን በስሙ አስታውቀናል።

ክፍል 1፦ ስለ ዛፉ ባሕርይና ስለ ጥንት ተካዮቹ

የዳቦ ዛፍ ከሾላና ከዋርካ ጋር የአንድ ወገን ዕፅ ነው፤ ቅርፊቱ ሲነካ ነጭ ወተት ያፈሳል። ቁመቱ 20 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ጥላውም ለብዙ ሰው ይበቃል። ፍሬው አረንጓዴ ነው፤ አንዱ ከ1 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል። ጠንክሮ ሳለ አውርደው በእሳት ላይ ቆዳው እስኪጠቁር ይጠብሱታል፤ ሲላጥ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ምግብ ሆኖ ይገኛል። ግንዱ ለታንኳ፣ ወተቱ የታንኳን ስንጥቅ ለመድፈን፣ የውስጥ ቅርፊቱም ለልብስ ይሆናል። በዚህ ዛፍ ሥር ያደረ ሰው ጦሙን አያድርም።

ደጉ ዝርያው ግን ዘር የለውም። የሚባዛው ከሥሩ በሚወጣ ቡቃያ ነውና ነፋስ አይዘራውም፤ ወፍም አያሻግረውም። ስለዚህ ይህ ዛፍ ባሕር ተሻግሮ በቆመበት ሁሉ አስቀድሞ ቡቃያውን ያቀፈ ሰው ነበረ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ልብ በል፤ የዜናው ሁሉ ቁልፍ ይህ ነውና።

ባለ ዘር የሆነው አባቱ በኒው ጊኒ ምድር ይገኛል። ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት የሰላማዊ ውቅያኖስ ባሕረኞች ቡቃያውን በታንኳ ጭነው ወደ ምሥራቅ ተጓዙ። ኮምፓስ አልነበራቸውም፤ ከዋክብትንና ማዕበልን አንብበው ከደሴት ወደ ደሴት እያለፉ ሳሞአን፣ ቶንጋን፣ ታሂቲን፣ ማርኬሳስን፣ በመጨረሻም ሃዋይን ደረሱ። በየደረሱበትም ተከሉ። ስማቸውን የጻፈ የለም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል።

የሃዋይ ሰዎች እንደ አባቶቻቸው ልማድ ሲተርኩ፣ ኩ የተባለው አምላካቸው ሰው ሆኖ ሚስት አግብቶ ሲኖር ረኃብ ገባ፤ እርሱም ስለ ቤተ ሰቡ ራሱን በምድር ውስጥ ቀበረ፤ በዚያም ስፍራ የዳቦ ዛፍ በቀለ ይላሉ። የአምልኮታቸውን ነገር ለእነርሱ ትተን፣ አባት ስለ ልጆቹ ራሱን እንዲሰጥ ማወቃቸውን ግን እናመሰግናለን።

ፍሬው ከወረደ በኋላ በጥቂት ቀን ይበላሻል። የማርኬሳስ ሰዎች ስለዚህ በጥበብ ጉድጓድ ምሰው፣ በቅጠል ለብጠው፣ ፍሬውን በዚያ ያብላሉት ነበር፤ የእኛ የደቡብ ሰዎች የእንሰቱን ቆጮ እንደሚቀብሩት ማለት ነው። ማ ይሉታል። ለዓመታት ስለሚቆይ በድርቅና በጦርነት ዘመን ከሞት ያወጣቸው እርሱ ነበር።

ክፍል 2፦ ዜናው ወደ ፈረንጆች ስለ መድረሱ

በ1595 የእስፓኝ መርከቦች በማርኬሳስ ዛፉን አዩ። በ1686 እንግሊዛዊው ዊልያም ዳምፒየር በጓም ፍሬውን በላ፤ በመጽሐፉም አመሰገነው። 

በ1769 ኤፕሪል 13 ቀን፣ በእኛ በ1761 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ማቴዎስ፣ በጎንደር ዐፄ ኢዮአስ ሊሞቱ ጥቂት ሳምንት ሲቀራቸውና ዘመነ መሳፍንት ሊገባ ሲል፣ ካፒቴን ጄምስ ኩክ ታሂቲ ደረሱ። ዕፅን መርምረው የማይጠግቡት ባለጸጋ ጆሴፍ ባንክስም አብረዋቸው ነበሩ። የታሂቲ ሰዎች ኡሩ የሚሉትን ይህን ዛፍ ሲያዩ፣ ያለ ማረሻና ያለ ወፍጮ ዳቦ የሚሰጥ ምድር ስላገኙ ተደነቁ። ባንክስ ወደ ሎንዶን ተመልሰው በ1778 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ፊትም ሞገስ አገኙ። ዛፉ በእንግሊዝ አገር ጠበቃ ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ክፍል 3፦ ዛፉ ስለ ተፈለገበት ምክንያት

በካሪቢያን ባሕር ደሴቶች የእንግሊዝ ጌቶች መልካሙን ምድር ሸንኮራ ተክለውበት ነበር። እርሻውን የሚሠሩት ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የመጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከምግባቸው ብዙው በመርከብ ከሰሜን አሜሪካ ይመጣ ነበር። በ1775 የአሜሪካ ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ። ከ1780 ጀምሮ ደግሞ ዐውሎ ነፋስ ጃማይካን ደጋግሞ መታ፤ የሙዙ ተክል ወደቀ። በእነዚያ ዓመታት 15,000 የሚያህሉ ባሪያዎች በረኃብና ከረኃብ በመጣ ደዌ እንዳለቁ የጃማይካ ምክር ቤት መዝግቧል። ስኳሩ ግን በዚያም ዘመን ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር።

ጌቶቹም ወደ ባንክስ እየጻፉ ዛፉ እንዲመጣላቸው ለመኑ። ለማኞቹ የፈለጉት የሠራተኛ ቀለብ ማርከስ ነበር፤ ዛፉ ግን በዚህ አሳብ ውስጥ የለበትም።

ክፍል 4፦ ስለ መጀመሪያው ጉዞ

ንጉሡም ፈቀዱ። ባውንቲ የተባለች መርከብ ተዘጋጀች፤ ትልቁ እልፍኝ ለቡቃያዎቹ ማደሪያ ሆነ። ወለሉ በእርሳስ ተለበጠ፤ ከማሰሮዎቹ የሚወርደው ውኃም ሳይባክን ዳግመኛ እንዲጠጣላቸው ተደረገ። በላይዋ አለቃ ሆነው የተሾሙት ሌተናንት ዊልያም ብላይ ናቸው፤ ከካፒቴን ኩክ ጋር የተጓዙ፣ ባሕርን እንደ ጓዳቸው የሚያውቁ፣ አንደበታቸው ግን የበረታ ሰው ነበሩ። አትክልተኞቹ ዴቪድ ኔልሰንና ዊልያም ብራውን ነበሩ።

በ1787 ዲሴምበር 23 ቀን፣ በእኛ በ1780 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ዮሐንስ፣ ከስፒትሄድ ተነሡ። በኬፕ ሆርን በኩል ሊያልፉ አንድ ወር ያህል ከበረዶና ከማዕበል ጋር ታገሉ፤ ባይሆንላቸው ዞረው በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ መጡ። በ1788 ኦክቶበር 26 ቀን በታሂቲ ማታቫይ ወደብ መልሕቅ ጣሉ። የአገሩ ባላባቶች በክብር ተቀበሏቸው። አለቃውም፣ ስለ ንጉሥ ጆርጅ ስጦታ ብድራት ቢሰጡ ከኡሩ የሚበልጥ ነገር እንደሌለ ነገሯቸው፤ ባላባቶቹ በደስታ ሰጡ። ኔልሰን አምስት ወር ሙሉ ደክሞ 1,015 ቡቃያ አጸደቀ። በ1789 ኤፕሪል ወር መጀመሪያ ተነሡ።

በኤፕሪል 28 ቀን ንጋት፣ በቶፉዋ ደሴት አጠገብ በመርከቢቱ ላይ ሊሆን የማይገባው ነገር ሆነ፤ ከመርከበኞቹ አንዳንዶቹ በአለቃቸው ላይ ዐምፀው መርከቢቱን ነጠቁ፤ ቡቃያዎቹም በባሕር ጠፉ።

የመርከቡ አለቃ ከ18 ሰዎች ጋር 7 ሜትር በምትሆን ጀልባ ቀሩ። ቶፉዋ ላይ አንድ ሰው በደሴቱ ሰዎች እጅ ወደቀ። የቀሩት ከ3,600 የባሕር ማይል በላይ ተጓዙ። እንጀራቸውን በኮኮነት ቅርፊት ሚዛን እያነሡ በአንዲት የሽጉጥ ጥይት ልክ ይካፈሉ ነበር። ጁን 14 ቀን በቲሞር ደሴት ኩፓንግ ደረሱ፤ በዚያ ባሕር ላይ አንድ ነፍስ አልጠፋም። ይህን ያየ ሰው የአለቃውን ጽናት ሳያመሰግን አያልፍም። ትጉሁ ኔልሰን ግን በጁላይ 20 ቀን በኩፓንግ በንዳድ ዐረፈ። ነፍሱን በዕፀ ሕይወት አጠገብ ያኑርለት።

ክፍል 5፦ ስለ ሁለተኛው ጉዞና ስለ ድሉ

በ1791 ኦገስት 3 ቀን አለቃው ሁለተኛ ተነሡ። አሁን ካፒቴን ሆነው፣ ፕሮቪደንስ በተባለች መርከብ ነበር፤ አሲስታንት የተባለችውን ታናሽ መርከብ ናትናኤል ፖርትሎክ እየመሩ ተከተሏቸው። አትክልተኞቹ ጄምስ ዋይልስና ክሪስቶፈር ስሚዝ ነበሩ። ካፒቴኑ በመንገድ ብርቱ ንዳድ ያዛቸው፤ ጉዞውን ግን አላቋረጡም።

በ1792 ኤፕሪል ወር ማታቫይ ገቡ፤ ሦስት ወርም ተቀመጡ። የታሂቲ ሰዎች ከየደጃቸው እየነቀሉ ቡቃያ አመጡ። አትክልተኞቹ በማሰሮ፣ በሣጥንና በበርሜል ተከሉ። 2,126 የዳቦ ዛፍ ቡቃያ ተቈጠረ፤ ከዚህ ሌላም ልዩ ልዩ ተክል ተጫነ። በጁላይ ወር ሲነሡ መርከቢቱ የምትንቀሳቀስ የአትክልት ስፍራ ሆና ነበር። ሁለት ታሂታውያን አብረው ሄዱ፤ አንዱ ማይቲቲ፣ ሁለተኛው ቦቦ ይባላል። ቦቦ ተደብቆ ከገባ በኋላ ዛፎቹን ይጠብቅ ጀመር።

በሴፕቴምበር ወር በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ መካከል ባለው በቶሬስ ወሽመጥ አለፉ። በውኃው ሥር አለት ሞልቶበታል፤ በዳርቻው ቀስት ተወረወረባቸው፤ የቆሰሉ ነበሩ። ነፋስም ሲዘገይ ውኃ አነሰ። የመርከቡ ሰዎች በልክ ይጠጡ ነበር፤ ዛፎቹ ግን አልተከለከሉም። ኋላ አውስትራሊያን በመርከብ የዞረው ማቴዎስ ፍሊንደርስ ያን ጊዜ በዚያች መርከብ ወጣት መኰንን ነበር። እርሱና ጓደኞቹ በደረጃው ላይ ተጋድመው፣ አትክልተኛው ወደ ቡቃያዎቹ ከሚወስደው ውኃ የሚንጠባጠበውን በምላሳቸው ይልሱ እንደ ነበር ተናግሯል። ስለ ዛፍ ሲል ሰው ተጠማ፤ ከዚህ የሚበልጥ አጀብ ለዛፍ ሆኖ አያውቅም። ሰዎቹ ግን ይህን ሳይወዱ መታገሣቸውን ዝም ማለት አይገባንም።

በኦክቶበር ኩፓንግን፣ በዲሴምበር ሴንት ሄለናን አለፉ። ብርድና ጨው ብዙውን ገደለ። በ1793 ጃንዋሪ 23 ቀን፣ በእኛ በ1785 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ማቴዎስ ጥር 17 ቀን፣ ጥምቀት በዋለ በስድስተኛው ቀን፣ መርከቦቹ በሴንት ቪንሰንት ደሴት ኪንግስታውን ወደብ ገቡ። በሕይወት ካሪቢያን የደረሱት 678 ቡቃያዎች ነበሩ። በ1765 የተመሠረተው የደሴቱ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ጠባቂ አሌክሳንደር አንደርሰን ድርሻቸውን በደስታ ተቀበሉ። በፌብሩዋሪ 5 ቀን ፖርት ሮያል ደረሱ፤ ጃማይካም ድርሻዋን አገኘች።

የጃማይካ ምክር ቤት ለካፒቴን ብላይ 1,000 ጊኒ፣ ለፖርትሎክ 500 ጊኒ ሰጠ። በሎንዶንም የሥነ ጥበባት ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። ዋይልስ ዛፎቹን ሊያሳድግ በጃማይካ ቀረ፤ ቦቦም ከእርሱ ጋር ቀረ። ማይቲቲ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ሁለቱም ታሂቲን ዳግመኛ አላዩም። ለእነርሱ የተሰጠ ሜዳሊያ የለም፤ ስለዚህ ስማቸውን በዚህ መጽሐፍ ጽፈናል።

ክፍል 6፦ ዛፉ ሕዝቡን ስለ ማግኘቱ

ዛፉም ጸደቀ፤ በጥቂት ዓመት ፍሬ ሰጠ። በመጀመሪያው ወራት ግን እንደ ታሰበው አልተበላም፤ ለአሳማ የተጣለበትም ጊዜ ነበረ።

ስለዚህ በሕዝቡ አይፈረድም። እነርሱ ያሙንና ሙዙን ያውቁ ነበር፤ በምትሰጣቸው ጥቂት ቁራሽ መሬት በገዛ እጃቸው ያበቅሉት የራሳቸው ምግብ ነበራቸውና። ጌታ መርጦ ያዘዘለትን መብል ባለመውደዱ የታሰረ ሰው አይነቀፍም። ከዚህ በኋላ ለብዙ ዘመን መዛግብቱ ስለ ስኳር በሰፊው፣ ስለ ዛፉ በጥቂቱ ይናገራሉ።

በ1834 ኦገስት 1 ቀን የባርነት ሕግ በእንግሊዝ ደሴቶች ተሻረ፤ በ1838 በዚያው ቀን ሙሉ ነጻነት ሆነ። ነጻ የወጡትም ከሸንኮራው ምድር ወጥተው ወደ ኮረብታው፣ ወደ ራሳቸው ጎጆ ሄዱ። ዛፉ በዚያ አገኛቸው። በየደጁ ተተከለ፤ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ቡቃያው ተሰጠ። ማንም ያላዘዘው ያ መትከል፣ ንጉሥ ካዘዘው ጉዞ ይልቅ ዛፉን አበዛው።

ዛሬ በሴንት ቪንሰንት የተጠበሰ የዳቦ ፍሬ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር የአገሩ ብሔራዊ ምግብ ነው፤ በኦገስት ወር ስለ እርሱ በዓል ይደረጋል። በኪንግስታውን አትክልት ስፍራም ካፒቴኑ ካመጧቸው የተወለደ ዛፍ ቆሟል። በጃማይካ ከአኪና ከጨው ዓሣ ጋር ይቀርባል፤ አኪ ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ፍሬ ነው። የታሂቲ ልጅና የአፍሪካ ልጅ በአንድ ገበታ ተገናኙ። የዕፅዋት ሊቃውንት ለአኪ የካፒቴን ብላይን ስም ሰጡት፤ ለዳቦ ዛፍ ግን የማንንም ሰው ስም አልሰጡም። ይህም መልካም ነው፤ የአንድ ሰው አይደለምና።

በ2003 በሃዋይ የዳቦ ፍሬ ተቋም ተመሠረተ። ከ100 የሚበልጡ ዝርያዎችን ከየደሴቱ ሰብስቦ ይጠብቃል፤ ረኃብ ላለበት ሞቃት አገርም ችግኝ እንዲደርስ ይሠራል። የቀድሞ ባሕረኞች በታንኳ የጀመሩት ሥራ እንዲህ ቀጠለ።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ነገሥታት አዘዙ፣ ባለጸጎች ከፈሉ፣ ካፒቴኑ ደከሙ፤ ለሁሉም እንደ ሥራቸው ምስጋና ጽፈናል። ነገር ግን ዘር የሌለው ዛፍ በትእዛዝ አይኖርም፤ የሚኖረው ቡቃያውን ወድዶ በሚተክል ሰው እጅ ነው። ስለዚህ የዚህ ዜና ዋና ባለቤቶች በታንኳ ያሻገሩት ስመ ስውራንና ከሰንሰለት ወጥተው በደጃቸው የተከሉት ነጻ ሰዎች ናቸው። ባሪያን ሊቀልብ የተጠራውን ዛፍ የነጻ ሰው ማዕድ ያደረጉት እነርሱ ናቸውና።

ለተካዩ ዕድሜ፣ ለተራበው እንጀራ፣ ለጸሐፊው ምሕረትን ይስጥልን። ተፈጸመ ዜና መዋዕሉ ለዕፀ ኅብስት። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።