የፓራግላይዲንግ ታሪክ ከመሬት ሲጀመር

የፓራግላይዲንግ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የክንፉ ታሪክ ነው። ጨርቁን ማን ሰፋው፣ ማን አሻሻለው፣ ማን ከየትኛው ተራራ ተነሥቶ በረረበት የሚለው በየዓመቱ ተደርድሮ ይቀርባል። ይህ አተራረክ ሐሰት የለበትም፤ አንድ ጥያቄ ግን ሳይመልስ ያልፋል። አየር በኪሶቹ ውስጥ እየሞላ ቅርጹን የሚይዘው ክንፍ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚያው ዓመታት ከተራራ ቁልቁል እየተሮጠ በጨርቅ ክንፍ ተበርሯል። ስፖርቱ ግን ሥር የሰደደው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያውም በሌላ አህጉር፣ በአንዲት የፈረንሳይ መንደር ነው። በመሐሉ የጎደለው ምን ነበር? የእኔ መልስ የመሬት ላይ ሥራ ነበር የሚል ነው፤ ክንፉን የመዘርጋት፣ ገመዱን የመፈተሽ፣ ነፋሱን የመመዘን፣ ሁኔታው ካላማረም ሸክፎ የመመለስ የጋራ ልማድ። ይህ ልማድ የፈጠራ መብት አልተጠየቀበትም፣ ሐውልትም አልቆመለትም። ስለዚህም ይመስለኛል ከታሪኩ የሚቀረው።

ዶሚና ጃልበርት ካይትና ፊኛ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። በ1964 የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያስገባበት ንድፍ ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ጨርቅ አንዱ ባንዱ ላይ ይሆናል፣ በመካከላቸው የጨርቅ ግድግዳዎች ይሰፋሉ፣ የፊት ጠርዙ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ነፋስ በዚያ አፍ ገብቶ ኪሶቹን ሲሞላ፣ እንጨትም ብረትም ሳይኖረው የአውሮፕላን ክንፍ መልክ ይይዛል። ዛሬ በየተራራው የምናየው ክንፍ በመሠረቱ ይኸው ነው። ዴቪድ ባሪሽ ደግሞ ከጠፈር የሚመለሱ የናሳ መንኮራኩሮችን ለማሳረፍ ይሆናል ያለውን የራሱን ባለ አንድ ጨርቅ ክንፍ ይሠራ ነበር። ክንፉን ለመሞከር በሴፕቴምበር 1965 በኒውዮርክ ግዛት ወደሚገኘው ሀንተር ተራራ ወጥቶ በቁልቁለቱ ላይ በረረ። ከዚያም በረዶ በማይኖርበት ወራት የበረዶ መንሸራተቻ ሥፍራዎች ይህን መዝናኛ እንዲያደርጉት ለማስለመድ ደከመ። ሐሳቡ ግን አልያዘም። ክንፍ ነበረው፣ ተራራ ነበረው፣ ለመዝናኛ ገንዘብ የሚከፍል ሕዝብም ነበረው። ሆኖም ለበረዶ ተንሸራታች እንዲህ ያለውን ነገር ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ በማግስቱ ያው ሰው ብቻውን ክንፉን ዘርግቶ በሰላም እንዲነሣ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው።

በ1978 ሚየሲ በምትባለው በኦት ሳቯ አውራጃ ያለች መንደር የሆነውን ከዚህ ጋር እናስተያየው። ዣን ክሎድ ቤታን፣ አንድሬ ቦንና ዤራር ቦሶን አዲስ ስፖርት ሊፈጥሩ አልተነሡም። በአቅራቢያው ካለችው ከአንማስ የመጡ የፓራሹት ዘላዮች ነበሩ፤ በተወሰነ ነጥብ ላይ የማረፍ ልምምዳቸውን አውሮፕላን ሳይከራዩ፣ ወጪ ቆጥበው ማድረግ ፈለጉ። ስለዚህ በሰኔ ወር የመዝለያ ፓራሹታቸውን ይዘው ፔርቱዊዜ ወደተባለው ቁልቁለት ወጡ። ቤታን ቀድሞ ተነሣ፤ ቦን ተከትሎ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሸለቆው ውስጥ ባለው የእግር ኳስ ሜዳ ላይ አረፈ። ሰዎቹ ይዘውት የመጡት ፓራሹት ብቻ አልነበረም። በእኛ አገር የአየር ወለድ ወታደርን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ፓራሹት በሥርዓት ይታጠፋል፣ ዋናው ቢከሽፍ መጠባበቂያ አለ፣ ዘላዩ ከአውሮፕላኑ በር ከመውጣቱ በፊት መታጠቂያው በሌላ ሰው እጅ ይፈተሻል። የሚየሲ ሰዎች ከዚህ ዓይነት ባህል የወጡ ስለነበሩ ከመጀመሪያው በረራ በኋላ ወዲያው ያሰቡት ክበብና ትምህርት ቤት ነበር። ባሪሽ ያልነበረው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። የአልፕስ ተራሮች ሣር የለበሱና ለመነሻ የሚመቹ ናቸው፣ መንገድና የኬብል መኪና እስከ ጫፍ ያደርሳል፣ በ1978 የነበረው ፓራሹትም ከ1965ቱ ክንፍ የተሻለ ነበር፤ ታዲያ ስለ ልማድ ማውራቱ ምን አመጣው? ተራራውና ጨርቁ እንደረዱ አልክድም። ግን ሁለቱም በእጅ እያሉ ልማዱ ሲላላ ምን እንደሚሆን የተከታዮቹ ዓመታት ታሪክ ያሳያል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ፓራግላይደር ከፓራሹት ዘላዮች እጅ ወጥቶ ወደ ተራራ ወጪዎች ገባ። በ1985 ስዊዘርላንዳዊው ሎራን ደ ካልበርማተን ለተራራ በረራ ተብሎ የታሰበ ቀላል ክንፍ ሠራ። በ26 ሴፕቴምበር 1988 ፈረንሳዊው ዣን ማርክ ቧቫን ከኤቨረስት ጫፍ ተነሥቶ በ11 ደቂቃ ያህል ወደ ሁለተኛው ካምፕ ወረደ። ለተራራ ወጪ ክንፉ የቁልቁል ጉዞን ድካም የሚያስቀር ዕቃ ነበር፤ የሚያሳስበውም የከረጢቱ ክብደት ነው። ስለዚህ ብዙዎች ለቋጥኝ መውጫ በተሠራ ቀጭን መታጠቂያ፣ ያለ ጀርባ መከላከያና ያለ መጠባበቂያ ፓራሹት ይበሩ ነበር። የአከርካሪ ስብራት የስፖርቱ መታወቂያ ጉዳት ሆነ። በ1990ዎቹ በመታጠቂያው ወንበር ሥር ወፍራም መከላከያ መግባት የጀመረውና መጠባበቂያው የግድ እየሆነ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ክንፉም ተራራውም ያው ነበሩ፤ የተለወጠው ከመነሣት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።

ያ ጥያቄ በመነሻው ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። አብራሪው ክንፉን በጀርባው አስተኝቶ ገመዶቹ ከላይ እንዲሆኑ ይዘረጋዋል፤ አየር የሚገባባቸው አፎች በቁልቁለቱ ላይኛ በኩል፣ የኋላ ጠርዙ ወደ ራሱ ይሆናል። ክንፉ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም። መሐሉ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ሁለቱ ጫፎች ወደ አብራሪው ይቀርባሉ፤ ምክንያቱም ገመድ ሲወጠር መሐሉ ቀድሞ ካልተነሣ አንዱ ጫፍ ይቀድምና ክንፉ ተጣምሞ ይወጣል። ከዚያ የገመዶቹ ረድፍ ከፊት እስከ ፍሬን ገመዱ ድረስ በእጅ እየተለየ ይታያል። በገመድ መካከል የገባ አንዲት ጭራሮ ወይም አንድ ቋጠሮ በአየር ላይ ክንፉን ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች፣ እዚያ ደግሞ ወጥቶ የሚፈታት የለም። ሄልሜት ከመታጠቂያው ጋር ከመያያዝ በፊት ይደረጋል። የእግር ማሰሪያ ከደረት ማሰሪያው ቀድሞ ይቆለፋል፤ ደረቱን ቆልፎ እግሩን የረሳ ሰው ሲነሣ ምንም አይታወቀውም፣ እግሩ ከመሬት ሲለቅ ግን ወደ ታች እየተንሸራተተ በብብቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመጠባበቂያው እጀታና ፒን በቦታቸው መሆናቸው፣ ካራቢነሮቹ መቆለፋቸው፣ ማንጠልጠያ ቀበቶዎቹ አለመጠማዘዛቸው ይታያል። ቀጥሎ ነፋሱ አለ። የተለመደው ፓራግላይደር ፍሬኑ ሳይነካ በአየር ውስጥ የሚሄደው በሰዓት ከ35 እስከ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፋሱ ወደዚያ ፍጥነት ከተጠጋ ክንፉ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ይቆማል፣ ከበለጠው ደግሞ ወደ ኋላ፣ ከተራራው ጀርባ ወዳለው የተበጠበጠ አየር ይገፋዋል። ጀማሪዎች ጠዋትና ወደ ማታ እንዲበሩ የሚደረገውም የቀትር ፀሐይ ያሞቀው አየር እየተነሣ ክንፉን ስለሚያናውጠው ነው። በመጨረሻ ሰማዩ ከሌላ አብራሪ ነጻ መሆኑ ይታያል። ይህን ሁሉ የጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ትምህርት ቤቶች የአምስት ነጥብ ፍተሻ አድርገው ያስተምሩታል። ሩጫው ሲጀመር እንኳ ነገሩ አላለቀም። ክንፉ ከራስ በላይ ሲቆም አብራሪው ቀና ብሎ ያየዋል፤ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ ሁለቱን ፍሬኖች ስቦ ይጥለዋል። የበረራው ትልቁ ውሳኔ በዚህች ቅጽበት፣ እግር ገና መሬት ላይ እያለ ይወሰናል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የመሐንዲሶቹ ነው። ሰውን ያተረፈው የተሻለ ክንፍ ነው፣ ልማዱ ተጨማሪ ነው ይላሉ። ማስረጃቸውም ጠንካራ ነው። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት አንድ ክንፍ ለሽያጭ ሲፈተን በመኪና እየተጎተተ ከሚፈቀድለት ክብደት ስምንት እጥፍ ጭነት መቻሉን ማሳየት አለበት። ከዚያ የሙከራ አብራሪዎች ሆን ብለው ግማሹን እያጠፉ፣ ፊቱን እየሰበሩ፣ ምን ያህል ዞሮ በራሱ እንደሚመለስ ይመዘግቡና ከኤ እስከ ዲ ደረጃ ይሰጡታል። የጀማሪ ክንፍ አብራሪው ምንም ሳያደርግ እንኳ ብዙውን ጊዜ ራሱን ያስተካክላል። በ2007 አውስትራሊያ ማኒላ አጠገብ የሆነው ደግሞ ለዚህ ወገን የተሰጠ ምስክር ይመስላል። ለዓለም ሻምፒዮና ስትለማመድ የነበረችው ጀርመናዊት አብራሪ ኤቫ ቪሽኒየርስካ ነጎድጓዳማ ደመና ስቧት እስከ 9,946 ሜትር ወጣች። በዚያ ከፍታ ራሷን ስታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ስትቆይ ክንፉ ያለ አብራሪ በረረ፤ ነቅታም በሕይወት አረፈች። በዚያው ማዕበል የተያዘ አንድ ቻይናዊ አብራሪ ግን ሞተ። ክንፏ እንዳተረፋት ማንም አይክድም። ነገር ግን ከዓለም ምርጦች መካከል የነበሩ ሁለት ሰዎችን ወደዚያ ደመና ያስገባው የክንፍ ጉድለት አልነበረም። ደመናውን የመመዘን ጉዳይ ነበር፤ ይህ ደግሞ የትኛውም ላቦራቶሪ የማይሰፋው የፍተሻ ክፍል ነው።

የተሻለ ክንፍ ብቻውን ሲተው ምን እንደሚያደርግም ታይቷል። የ1980ዎቹ ክንፍ አንድ ሜትር ሲወርድ ሦስት ወይም አራት ሜትር ወደ ፊት ይሄድ ነበር፤ የዛሬው የውድድር ክንፍ ከዐሥር ሜትር በላይ ይሄዳል። በ2011 በስፔን ፒየድራይታ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች የደረጃ ፈተና ያላለፉ እጅግ ፈጣን ክንፎች ይዘው ቀረቡ። ሁለት አብራሪዎች ሞቱ፣ ውድድሩም ተቋረጠ፤ ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን እነዚያን ክንፎች ከዋና ውድድሮቹ አገደ። ምህንድስና ያተረፈውን ደህንነት ሰው ወዲያው ወደ ፍጥነት መነዘረው ማለት ነው። ገደቡን መልሶ ያበጀው የአብራሪዎቹ ማኅበረሰብ ራሱ በደነገገው ደንብ ነው።

ደንብ ሲባል ግን የመንግሥት ሕግ ብቻ እንዳይመስለን። በጀርመን ያለ ፈቃድ መብረር አይቻልም። በአሜሪካ በተቃራኒው ከ1982 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአቪዬሽን ደንብ እንዲህ ላሉ ቀላል በራሪዎች የአብራሪነት ፈቃድ አይጠይቅም፤ የነጻነት ወዳጆችም ይህን እንደ ድል ያነሡታል። ሆኖም እዚያም ቢሆን የአብራሪዎቹ ማኅበር የራሱን የብቃት ደረጃዎች አውጥቷል፤ ብዙ የመነሻ ሥፍራዎች ላይ ያንን ደረጃ ያልያዘ ሰው አይበርም። በሙኒክ አቅራቢያም ሆነ በካሊፎርኒያ ዳርቻ ቆሞ ለተመለከተ ሰው አንዱ አብራሪ የሚፈትሸው ሌላው ከሚፈትሸው ብዙም አይለይም። ልማዱ ከሕግ የመጣ ቢሆን ኖሮ ሕግ በሌለበት እንዲህ አይገኝም ነበር።

ልማድ ባዶ ሥርዓት ሆኖ ይቀራል፣ አፍ እየቆጠረ ዓይን አያይም የሚሉም አሉ። እነዚህ እውነት አላቸው። በ2018 በስዊዘርላንድ ልምድ ያለው አብራሪ የያዘው የሁለት ሰው በረራ የዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ዕቃው የብረት ዘንግ ያለው ሌላው ዓይነት ክንፍ፣ ሃንግ ግላይደር ነው። ተሳፋሪው ከክንፉ ጋር ሳይያያዝ ከገደሉ ተነሡ፤ ሰውየውም ከሁለት ደቂቃ በላይ በእጁ ተንጠልጥሎ፣ ሲያርፉ አንጓው ተሰብሮ ተረፈ። አብራሪው ተሳፋሪውን ማያያዝ እንዳለበት ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም፤ አንዷ እርምጃ በመሐል ተዘላለች። ጠንቃቃ አስተማሪዎች አንድ ሰው በፍተሻ መሐል ካናገራቸው ካቆሙበት የማይቀጥሉት፣ ከመጀመሪያው የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ይህ ለተመልካች አሰልቺ ነው፣ ለቪዲዮም አይመችም።

ኔፓል ፖክሃራ ወይም ቱርክ ኦሉዴኒዝ ሄዶ ከአብራሪ ጋር ተጣምሮ ለመብረር የሚያስብ አንባቢ የክንፉን ስም ወይም የዋጋውን ቅናሽ ከመጠየቁ በፊት የአብራሪውን እጅ ይመልከት። የእግር ማሰሪያዎን ራሱ ጎትቶ ካልሞከረው እንዲሞክረው ይንገሩት፤ ነፋሱን ቆሞ ሳያይ ሩጥ ካለዎት ወይም ጥያቄዎን በሳቅ ካለፈው፣ የከፈሉትን ትተው በመኪና ይውረዱ።